ጅቡቲ 2028፦ የተቃዋሚዎች ዕድል የሚወሰነው በዋና ከተማዋ ቆጠራ ነው ወይስ ከምርጫው በፊት?

ቀፊራ፦
በዚህ መድረክ ስለ ጅቡቲ የሚጻፈው ከሞላ ጎደል ስለ ወደብ ኪራይና ስለ ባቡር ነው። እዚያ የሚኖረው አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ እንዴት እንደሚመርጥና ማን እንደሚወክለው የሚጠይቅ ሰው ግን አላየሁም። ፕሬዚዳንታቸው ኢስማኤል ኦማር ጌሌ የተወለዱት እኛው ድሬዳዋ ነው። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ይህን ያህል ዝም ማለቱ ስለከነከነኝ ክሩን ከፈትኩ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የሚቀጥለው የፓርላማ ምርጫ በ2028 መጀመሪያ ይጠበቃል። ተቃዋሚዎች ምን ተስፋ አላቸው ሲባል የብዙ ሰው መልስ «ምንም» ነው። ታሪኩን ለሚያይ መልሱ አይገርምም። በ1992 ሕገ መንግሥቱ ከአንድ በላይ ፓርቲ ፈቀደ፤ የተፈቀደው ግን ለአራት ፓርቲ ብቻ ነበር፤ ያውም ለአሥር ዓመት። በዚያው ዓመት ገዢው አርፒፒ 65ቱንም መቀመጫ ወሰደ። በ1997 የአፋር አማፂ ቡድን ከነበረው ከፍሩድ አንድ ክንፍ ጋር ተጣምሮ እንደገና 65ቱንም ወሰደ። በ2003 ገደቡ ተነሥቶ አሕመድ ዲኒ የመሩት የተቃዋሚዎች ጥምረት በይፋዊው ቆጠራ እንኳ 37 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ። መቀመጫ? አንድም የለም። ከሦስት መራጮች ከአንድ በላይ የሚሆነው የደገፈው ወገን አንድ ሰው እንኳ ምክር ቤት ማስገባት አልቻለም።

ይህ የሆነው በሕጉ ምክንያት ነው። እዚያ የሚመረጠው ሰው ሳይሆን ዝርዝር ነው፤ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣው ዝርዝር የክልሉን መቀመጫ በሙሉ ይጠቀልል ነበር። በ2012 መጨረሻ ሕጉ ተሻሻለና አንደኛው 80 በመቶውን እንዲወስድ፣ ቀሪው 20 በመቶ በድምፅ መጠን እንዲከፋፈል ተደረገ። በ2013 የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ዩኤስኤን በይፋዊው ውጤት 35.6 በመቶ አግኝቶ 10 መቀመጫ ደረሰው። ከነፃነት በኋላ ተቃዋሚ መቀመጫ ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ከ65ቱ መቀመጫ 35ቱ የዋና ከተማዋ ናቸው። ከ35ቱ 28ቱ ለአንደኛው ዝርዝር ይሄዳሉ። 49 በመቶ አግኝቶ በ51 የተሸነፈ ዝርዝር ቢበዛ 7 ወንበር ያገኛል። ይህ ግፍ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ወደ ሌላውም ወገን ይቆርጣል፦ ተቃዋሚው ዋና ከተማዋን በጥቂት ድምፅ ቢያሸንፍ 28ቱ የእርሱ ናቸው፤ የምክር ቤት አብላጫ ደግሞ 33 ነው። ስለዚህ የ2028 ምርጫ የአገር ምርጫ መስሎ ቢታይም ልቡ በአንድ ከተማ ቆጠራ ላይ ያለ ይመስለኛል። እናንተስ?

የጋላፊ መንገደኛ፦
ጋሼ ቀፊራ፣ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሰዎቹን ግን ረስተዋቸዋል። ጅቡቲ ከተማ ዳር ፒኬ 12 ላይ መኪና አቁመን ወረፋ ስንጠብቅ ከጥበቃውም ከሻይ ሻጩም ጋር እናወራለን። ስለ እኛ አገር ጠንቅቀው ይጠይቁናል። ስለ እነርሱ ምርጫ ስንጠይቅ «ኢንሻአላህ» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። አፉን የዘጋ ሰው ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ ማን ያውቃል? ጌሌ ከ1999 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ናቸው፤ ከእርሳቸው በፊትም ሐሰን ጉሌድ ነበሩ። ከ1977 ወዲህ ሁለት ፕሬዚዳንት ብቻ ያየ ሕዝብ ሦስተኛውን በምርጫ አገኛለሁ ብሎ ይጠብቃል ብዬ አላምንም።

ዓይናለም፦
በትራንዚት ሥራ ጅቡቲ ኖሬአለሁ። የሹፌሩ ወንድሜ ትዝብት ልክ ነው፤ ዝምታው ግን ግድ የለሽነት አይደለም። እኩለ ቀን አካባቢ ጫቱ ከእኛ አገር ይደርሳል፤ ሴቶቹ በየመንገዱ ጠረጴዛ ላይ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ይደረድሩታል፤ ቢሮ ይዘጋል፤ ወንዶቹ ወደ መብረዝ፣ ጫት ወደሚቃምበት ክፍል፣ ይገባሉ። የሥራ ባልደረቦቼ እንደነገሩኝ እዚያ ውስጥ ስለ ፈረንሳይ ምርጫ፣ ስለ ሞቃዲሾ፣ ስለ አዲስ አበባ እየጮኹ ይከራከራሉ። ስለ ራሳቸው ምርጫ ሲሆን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ከመካከላቸው አንዱ የወደብ ሠራተኛ ነው፤ የሌላው ወንድም ፖሊስ ነው፤ የሦስተኛው ልጅ የመንግሥት ቅጥር እየጠበቀች ነው። በትንሽ አገር ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ሲሆን አንድ ሰው በአደባባይ ተቃዋሚ ቢሆን የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ነው። ሁሉም ሰው ደግሞ ሁሉንም ሰው ያውቃል።

ጋሼ ቀፊራ ያልጻፉት ከ2013 ወዲህ ያለውን ነው፤ ለእኔ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ዩኤስኤን ምርጫው ተጭበርብሯል፣ ያሸነፍነው እኛ ነን ብሎ ምክር ቤት ሳይገባ ቀረ። አቤቱታውን የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ውድቅ አደረገው። የተቃዋሚው መሪ ዳሂር አሕመድ ፋራህ ከቤልጂየም ስደት የተመለሱት ለዚያ ምርጫ ነበር፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ታሰሩ። በታኅሣሥ 2014 መጨረሻ ሁለቱ ወገኖች የማዕቀፍ ስምምነት ፈረሙ፤ ተመራጮቹ ገቡ። የምርጫ ኮሚሽኑ እንደሚሻሻልና ተቃዋሚዎች በሕግ የተጠበቀ መብት እንደሚኖራቸው ቃል ተገብቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 21 ቀን 2015፣ በዋና ከተማዋ ዳርቻ ባልባላ ውስጥ ቡልዱቆ በተባለው ቦታ የጸጥታ ኃይሎች ለሃይማኖታዊ ሥርዓት በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ሰዎች ሞቱ፤ በሟቾቹ ቁጥር መንግሥትና ተቃዋሚዎች እስከ ዛሬ አይስማሙም። በዚያው ቀን የዩኤስኤን መሪዎች የተሰበሰቡበት ቤት ጥቃት ደርሶበት የቆሰሉም የታሰሩም ነበሩ። በ2016ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ጥምረቱ ተሰነጠቀ፤ ከፊሉ እጩ አቀረበ፣ ከፊሉ አልሳተፍም አለ።

ይህን ያየ ተቃዋሚ በ2023 አንሳተፍም ቢል ማን ይፈርድበታል? ኮሚሽኑ ካልተለወጠ መግባት ለማስጌጥ ብቻ ነው።

ቀፊራ፦
ዓይናለም እህቴ፣ ስለ ሞቱትና ስለታሰሩት የጻፍሽው እያንዳንዱ ቃል ያመኛል። አለመሳተፍ ግን ምን አመጣ? በ2008 ተቃዋሚዎች ሙሉ በሙሉ ቀሩ፤ ገዢው ጥምረት ዩኤምፒ ብቻውን ሮጦ 65ቱንም ወሰደ። ያ ምክር ቤት ነው በ2010 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ገደብ ያነሣው። በ2023 ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች እንደገና ቀሩ፤ ዩኤምፒ 58፣ የተሳተፈው ሌላ ፓርቲ ዩዲጄ 7 መቀመጫ አገኘ። ያ ምክር ቤት ደግሞ በ2025 መጨረሻ ለእጩ ፕሬዚዳንት የተቀመጠውን የ75 ዓመት የዕድሜ ጣሪያ አነሣ። ሁለቱ ትላልቅ የሕገ መንግሥት ለውጦች ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች በቀሩባቸው ምክር ቤቶች ያለፉት በአጋጣሚ ነው?

ዓይናለም፦
የ75 ዓመቱን ጣሪያ ካነሡ እኔም ልጠይቅዎት። ማሻሻያው የጸደቀው በ65ቱም ድምፅ ነው። 65! ሰባቱ የዩዲጄ መቀመጫዎች የት ነበሩ? «አይሆንም» ያለ አንድ እጅ እንኳ አልወጣም። ተሳትፎ የሚሉት ይህ ከሆነ መቅረቱ የተሻለ ነው።

ዮሐንስ ከጆሐንስበርግ፦
ክርክራችሁን ከትናንት ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ከእኔ መኖሪያ በመኪና ጥቂት ሰዓት ርቀት ላይ ያለችው ሌሶቶ የቀፊራን የ2003 ታሪክ በሌላ መልክ አልፋበታለች። በ1998 ኤልሲዲ የተባለው ፓርቲ 60.7 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ80 መቀመጫ 79ኙን ወሰደ። ከጅቡቲ የ2003 ውጤት ጋር አስተያዩት፤ መንትያ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማሴሩ ውስጥ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደሮች ገቡ፤ የከተማዋ መሐል ተቃጠለ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ይህን ዋጋ ማንም እንዲከፍል አልመኝም።

ከጥፋቱ በኋላ ግን ተፎካካሪ ፓርቲዎች በእኩልነት የተቀመጡበት ጊዜያዊ የፖለቲካ አካል ተቋቁሞ የምርጫው ሥርዓት ራሱ ተለወጠ። 80ው የምርጫ ክልል እንዳለ ሆኖ 40 ማካካሻ መቀመጫ ተጨመረ፤ በምርጫ ክልል የተሸነፈ ፓርቲ በአገር አቀፍ ድምፁ መጠን ይካሳል። በ2002 ኤልሲዲ ከ80ው 77ቱን አሸነፈ፤ ሆኖም ዋናው ተቃዋሚ ቢኤንፒ በማካካሻው 21 ሰው አስገባ። በ2012 በጥምረት መንግሥት ተለወጠ፤ የተሸነፈው ጠቅላይ ሚኒስትር በሰላም ወረደ። በ2022 ደግሞ በመጋቢት የተመሠረተ ፓርቲ በጥቅምት ምርጫ ከ120 መቀመጫ 56ቱን አግኝቶ መንግሥት መሠረተ። ሌሶቶ ችግሯ ሁሉ ተፈታ አልልም፤ ጥምረቶቹ ቶሎ ቶሎ ይፈርሳሉ። ነገር ግን ማንም ፓርቲ ሁሉንም ጠቅልሎ አይወስድም።

ስለዚህ ለጅቡቲ ተቃዋሚዎች የ80 ለ20 ቀመር መለወጥ አለበት ብሎ መጮህ «ኮሚሽኑ ይለወጥ» ከማለት አይተናነስም። ኮሚሽኑ መልአክ ቢሆን እንኳ ይህ ቀመር 49 በመቶውን ሕዝብ 7 ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል።

ሰመራ፦
ሁላችሁም ስለ ዋና ከተማዋ ትጽፋላችሁ። እኔ አፋር ነኝ፤ ታጁራና ኦቦክ ያሉ ዘመዶች አሉኝ፤ ድንበሩ መሬቱን እንጂ ቤተሰቡን አልከፈለውም። በሰሜን ምርጫ ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ከ1991 ጀምሮ የነበረውን የፍሩድ ጦርነት ነው። አንዱ ክንፍ በ1994 ሰላም ፈርሞ ከመንግሥት ጋር ተጣመረ። አሕመድ ዲኒ የመሩት ክንፍ እስከ 2001 ቆየ። ዲኒ መሣሪያ አስቀምጠው በ2003 በምርጫ ሲወዳደሩ ብዙ አፋር «እንግዲህ በድምፃችን እንሞክረው» ብሎ ነበር። ውጤቱን ቀፊራ ጽፎታል፤ ዜሮ። በቀጣዩ ዓመት ዲኒ አረፉ።

በምርጫ ሞክሮ ዜሮ ያገኘ ሰው ልጆቹን ምን ብሎ ይመክራል? እስከ ዛሬ መሣሪያ ያላስቀመጠ የፍሩድ ቡድን አለ፤ በጥቅምት 2022 ታጁራ ክልል ውስጥ በጦር ሠፈር ላይ ጥቃት ተፈጽሞ ወታደሮች ሞተዋል። እኔ ያንን መንገድ አልደግፍም። ነገር ግን የምርጫ በር በተዘጋ ቁጥር የሚከፈተው ሌላ በር እንዳለ ዋና ከተማ ያሉት ፖለቲከኞች፣ ገዢውም ተቃዋሚውም፣ በቅጡ የሚያስቡበት አይመስለኝም። ዋና ከተማዋን ብቻ ለማሸነፍ የሚያቅድ ተቃዋሚ የሰሜኑን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይረሳዋል። ከዚያም 28 ብቻውን 33 አይሆንም፤ ቀሪዎቹ አምስት ከዲኪልና ከአሊ ሳቢህ፣ ከታጁራና ከኦቦክ ካልመጡ ከየት ይመጣሉ?

ቀፊራ፦
ሰመራ፣ ይህን ስላነሣሽ አመሰግናለሁ። አምስቱ መቀመጫ የሚለውን በቁጥር ብቻ ነበር የጻፍኩት፤ አንቺ ሰው አደረግሽው።

ነሐሴ 1997፦
ለምን ወደ ሩቅ እንሄዳለን? እኛም በ1997 ዓ.ም. በራሳችን አይተነዋል። ቅንጅት በአዲስ አበባ ከ138 የከተማ ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን፣ ከተማዋ በፓርላማ ካላት 23ቱን በሙሉ አሸነፈ። ከዚያ «እንግባ» «አንግባ» ተብሎ ተከፈለ። ከፊሉ ገባ፣ ከፊሉ ቀረ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ የተቃዋሚው ድርሻ አንድ መቀመጫ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. እርሱም ቀረ። የጅቡቲ ዩኤስኤን የሆነው ይኸው ነው። እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የምርጫ ካርዴን ይዤ ሌሊት ተሰልፌአለሁ። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ መግባትም መቅረትም ሊያዋጣ ይችላል፤ ግማሽ ገብቶ ግማሽ መቅረት ግን በፍጹም አያዋጣም። ከምርጫው በፊት አንድ አቋም ይዞ መፈራረም ያስፈልጋል።

አወያይ፦
ስለ 1997 ዓ.ም. ሌላ ክር አለን። ንጽጽሩ ይቆይ፤ ዝርዝሩን እዚያ አድርጉልን።

ብርሃኔ፦
ዮሐንስ ስለ ቀመሩ ጻፈ፤ እኔ ስለ ቆጠራው ልጻፍ፤ ቀፊራ «ልቡ በቆጠራ ላይ ነው» ብሎ ሳያብራራው አልፏል። ጋምቢያን ውሰዱ። እዚያ ድምፅ የሚሰጠው በብይ ነው። መራጩ ብይ ይሰጠዋል፤ የእጩው ቀለም ወደተቀባው በርሜል ይሄዳል፤ በቱቦው ሲጥለው ውስጥ ያለው ደወል አንድ ጊዜ ይጮኻል። ሁለቴ ከጮኸ ሁለት ብይ ተጥሏል ማለት ነው፤ ኃላፊዎቹ ጆሯቸውን አቅንተው ይሰማሉ። በ1994 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው ለ22 ዓመት የገዙት ያሕያ ጃሜ ከ1996 ጀምሮ ይመረጡ የነበረው በዚሁ ብይ ነበር። ታዲያ በታኅሣሥ 2016 ምን ተለወጠ? ሁለት ነገር። ተቃዋሚዎቹ አብዛኞቹ በአንድ እጩ፣ በአዳማ ባሮ፣ ተስማሙ። ከዚያ ብዩ በየምርጫ ጣቢያው እዚያው እንዲቆጠር ተደረገ፤ በርሜሉ በመኪና ተጭኖ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚቆጠርበት አሠራር ቀረ። የእያንዳንዱ ጣቢያ ውጤት እዚያው በወኪሎች ፊት ሲነገር ከላይ የሚቀየርበት ቀዳዳ ጠበበ። ባሮ አሸነፉ፤ ጃሜ አልወርድም ብለው የጎረቤት አገሮች ጦር እስኪመጣ ድረስ ቆዩ፤ ከዚያ ወጡ። በሚያዝያ 2017ቱ የፓርላማ ምርጫ ለዓመታት ሲሳደድ የነበረው ተቃዋሚ ፓርቲ ዩዲፒ ከ53ቱ መቀመጫ 31ዱን ወሰደ።

ወደ ጅቡቲ ስንመለስ፣ በ2023 የመራጮች ቁጥር 230 ሺህ ገደማ ነበር። ይህ ከአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ሕዝብ ያነሰ ነው። ይህን የሚያህል መራጭ ያለበት አገር ሁሉንም ጣቢያ በወኪል መሸፈን በሰው ኃይል የሚቻል ነገር ነው። በየጣቢያው የተፈረመውን የውጤት ቃለ ጉባኤ ቅጂ የሰበሰበ ተቃዋሚ «ተሰርቀናል» ሲል ወረቀት ይዞ ይናገራል።

ዓይናለም፦
ብርሃኔ፣ ይህን በጣም እደግፋለሁ፤ ጥያቄዬ ግን ወኪል የሚሆነው ማነው ነው። ከላይ የጻፍኩትን አስታውሱ፤ በጣቢያው የሚቀመጠው ወኪል ስሙ ይመዘገባል፣ ይፈርማል፣ ፊቱ ይታያል። በማግስቱ ወንድሙ ከወደብ ሥራው ቢባረር ማን ይከራከርለታል? ጋምቢያን የረዳት የጎረቤቶቿ ጫና ነበር። ጅቡቲን ማን ይጫናታል? ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ከ2017 ጀምሮ ቻይና፣ ሁሉም ጦር ሠፈራቸውን እዚያ አድርገዋል፤ ሁሉም የሚፈልጉት ያለመረበሽ መኖርን ነው። እኛም ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚሆነው ንግዳችን በዚያ በር ያልፋልና ዝም እንላለን። ቴሌቪዥኑና ሬዲዮው የመንግሥት ነው፤ የተቃዋሚ ድምፅ የሚሰማው ከአውሮፓ በሚተላለፍ ሬዲዮ ነው።

የጋላፊ መንገደኛ፦
ዓይናለም ስለ እኛ ዝምታ የጻፈችው እውነት ነው። እኛ ሾፌሮቹ መንገዱ ከተዘጋ ልጆቻችን አይበሉም፤ ስለዚህ «ሰላም ይሁን እንጂ ማንም ይግዛ» እንላለን። ግን አስቤበታለሁ። እነዚያ ሰዎች ውኃና ጥላ ሰጥተውናል፤ መኪናችን ሲበላሽ ሌሊት አብረውን ቆመዋል። የእነርሱ ድምፅ እንዲቆጠር መመኘት የመንገዱን ሰላም መጥላት አይደለም።

ቀፊራ፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ዓይናለም ለጠየቀችው የወኪል ጉዳይ የማውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 የአካባቢ ምርጫ ራድ የተባለው ስብስብ ከገዢው ጥምረት ውጭ ተወዳድሮ ዋና ከተማዋን አሸንፏል፤ መሪው አብዱረህማን ሞሐመድ ጌሌ፣ ሰዎች ቲኤክስ የሚሏቸው፣ ከንቲባ ሆነዋል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዩኤስኤን የገቡት። ይህ በዚያችው ከተማ፣ በዚያው መራጭ ሆኗል። በአካባቢ ምርጫ ሰው ብዙም አይፈራም፤ የሚመርጠው የሰፈሩን ሰው ነው፣ ጉዳዩም ቆሻሻ፣ ውኃና የባልባላ መንገድ ነው። የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ በ2022 ነበር፤ ቀጣዩ ከፓርላማው ምርጫ ቀድሞ ይጠበቃል። የዳሂር አሕመድ ፋራህ ፓርቲ ኤምአርዲና ራድ በዚህ ላይ ምን አቋም እንደሚይዙ በቅርብ እከታተላለሁ። ከተሳተፉ ለወኪልነት የሚደፍረው ሰው ስንት እንደሆነ ዓመት ቀድመው ያውቃሉ። ካልተሳተፉ ለ2028 የሚቀራቸው ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ዓይናለም፦
ይህን እቀበላለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ከመግባታቸው በፊት ሰመራ ያነሣችውን ይፈራረሙ፦ ከታጁራና ከኦቦክ የሚቀርቡት ስሞች በዋና ከተማ ቢሮ ውስጥ እንዳይመረጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ወኪል እናወራለን።

ሰመራ፦
ስሞቹን ለመምረጥ ታጁራ ድረስ የሚመጣ መሪ ካለ መንገዱ አስፋልት ነው።